ጆሮው ባይሰማም ዓይኑ ያንብብ



ስለ ንባብ ሲነሳ አብዛኞቻችን የምናስበው ትምህርት ቤትን፣ ጠመኔንና ጥቁር ሰሌዳን ነው። ልጁ ዕድሜው ሲደርስ አንደኛ ክፍል ይገባል፣ ፊደል ይቆጥራል፣ ከዚያም ያነባል እንላለን። ይሁን እንጂ ንባብ የሚጀመረው ከዚያ ብዙ ዓመታት ቀደም ብሎ፣ እናት ልጇን እያጠባች በምታናግረው ንግግር ውስጥ ነው። ልጁ «ውኃ» የሚለውን ቃል ተጽፎ ሲያይ ሊረዳው የሚችለው «ውኃ» የሚባል ቃል አስቀድሞ በአእምሮው ውስጥ ስላለ ነው። ቃሉ በአእምሮው ከሌለ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ቢለያቸው እንኳ ትርጉም አያገኝባቸውም።

ጆሮው በደንብ የማይሰማ ሕፃን የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። የሚሰማው ልጅ ማንም ሳያስተምረው ከእናቱ፣ ከጎረቤት፣ ከሬዲዮና ከመንገዱ ቃላትን እየለቀመ ያድጋል። የማይሰማው ልጅ ግን ቤት ሙሉ ሰው እየተነጋገረ ለእርሱ ምንም ላይደርሰው ይችላል። አእምሮው ሙሉ ነው፤ የጎደለው ቋንቋ የሚገባበት በር ነው። በሩ ካልተከፈተለት ትምህርት ቤት የሚገባው ንባብ የሚቆምበት መሠረት ሳይጣልለት ነው።

ይህን ጉዳይ በጤና ዓምድ ላይ ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በመድኃኒት ቤት ሥራዬ መስማት ከተሳናቸው ደንበኞች ጋር የምግባባው በአብዛኛው በወረቀት ነው። ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሰው ሕመሙን ይጽፍልኛል፤ እኔም «በቀን 2 ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ፣ ለ7 ቀናት» ብዬ እጽፍለታለሁ፤ ያልገባውን መልሶ ይጠይቀኛል። ማንበብ የማይችለው ግን አንድም የሚያስተረጉምለት ዘመድ ይዞ ይመጣል፣ አንድም በምልክት ያሳየሁትን በግምት ይዞ ይሄዳል። ዘመድ ይዞ መምጣት ማለት ደግሞ ገመናውን ሁሉ በዘመዱ ፊት መግለጥ ነው። ስለዚህ መስማት ለተሳነው ሰው ንባብ ከትምህርት ቤት ውጤት ያለፈ ነገር ነው። ጤናውን፣ ንብረቱንና ክብሩን የሚጠብቅበት መሣሪያው ነው።

«ሲፈልግ ይሰማል»

ወላጆች ልጃቸው እንደማይሰማ ዘግይተው የሚያውቁት ስለማይከታተሉት አይደለም። የመስማት ችግር በዓይን አይታይም፤ ሕፃኑ አያመውም፣ አያስለቅሰውም። መስማት የተሳነው ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ወራት እንደማንኛውም ሕፃን ይስቃል፣ ድምፅ ያወጣል፣ «አጉ» ይላል። በር ሲዘጋ የወለሉ ንዝረት ይሰማዋል፤ ሰው ሲገባ ጥላው ይታየዋል፤ ስለዚህ ዞሮ ሲያይ የሰማ ይመስላል። እንደ ልማዳችን ሲወለድ በጆሮው አዛን ሲባልለት ዓይኑን መግለጡም መስማቱን አያረጋግጥም፤ የአባቱ ትንፋሽ ፊቱን ነክቶት ሊሆን ይችላል።

ችግሩ ከፊል ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ያሳስታል። ከፊል የመስማት ችግር ያለበት ልጅ ከፊት ለፊቱ ጮክ ብለው ሲጠሩት ይመጣል፤ ከሌላ ክፍል ሲጠሩት ግን አይመልስም። ያን ጊዜ «ሲፈልግ ይሰማል» ወይም «ልቡ ሌላ ቦታ ነው» ይባላል። አፍ ሳይፈታ ሲቆይም «አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው» እየተባለ ሌላ ዓመት ያልፋል።

ወላጆች የሚከተሉትን ምልክቶች ልብ ሊሉ ይገባል።

- ሕፃኑ እስከ 3 ወር ድረስ በድንገተኛ ከፍተኛ ድምፅ የማይደነግጥ፣ በእናቱ ድምፅም የማይረጋጋ ከሆነ፤
- 6 ወር ሆኖት ድምፅ ወደ መጣበት አቅጣጫ የማይዞር ከሆነ፤
- ከ9 እስከ 10 ወር ባለው ጊዜ «ባባባ»፣ «ዳዳዳ» የመሳሰሉ ድምፆችን የማያወጣ፣ ወይም ጀምሮ ያቆመ ከሆነ፤
- 1 ዓመት ከመንፈቅ ሞልቶት አንድም ግልጽ ቃል የማይል፣ 2 ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃላትን የማያገናኝ ከሆነ፤
- በማንኛውም ዕድሜ ቢሆን ከማጅራት ገትር ወይም ከሌላ ከባድ ሕመም ድኖ ጠባዩ ወይም ንግግሩ የተለወጠ ከሆነ፤
- ከጆሮው በተደጋጋሚ መግል የሚፈስ ከሆነ።

ከእነዚህ አንዱ ከታየ «ያድግና ይተወዋል» ማለት አይገባም። ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ወስዶ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ሪፈር ማስጻፍ ያስፈልጋል። የመስማት ምርመራ ልጁ እስኪናገር ድረስ የሚጠበቅ ነገር አይደለም። ሕፃኑ ተኝቶ ሳለ ትንሽ መሣሪያ ጆሮው ውስጥ ተደርጎ ወይም በራሱ ላይ ሽቦ ተለጥፎ ጆሮውና ነርቩ ለድምፅ የሚሰጡትን ምላሽ ማየት ይቻላል። ምርመራው አያምም።

ጊዜው ለምን ያጣድፋል?

በበርካታ አገሮች የሚሠራበት መመሪያ «1፣ 3፣ 6» ይባላል። ሕፃኑ 1 ወር ሳይሞላው የመጀመሪያው ምርመራ ይደረግለታል፣ 3 ወር ሳይሞላው ችግሩ በትክክል ይታወቃል፣ 6 ወር ሳይሞላው ደግሞ እርዳታ ይጀመርለታል ማለት ነው። ቁጥሩ ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት በ150 መስማት የተሳናቸው ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት ይፋ ሆኖ ነበር። ችግራቸው ከ6 ወር በፊት የታወቀላቸው ልጆች ዘግይቶ ከታወቀላቸው ይልቅ በቋንቋ ችሎታ በግልጽ በልጠው ተገኝተዋል። ልብ ሊባል የሚገባው ልዩነቱ በንግግርም ሆነ በምልክት በሚግባቡት ልጆች ዘንድ መታየቱ ነው። ከዚህ የምንረዳው ቋንቋው በየትኛውም በር ይግባ፣ ዋናው ነገር በጊዜ መግባቱ መሆኑን ነው።

በአገራችን የመስማት ምርመራ እንደ ክትባት ለተወለደ ሕፃን ሁሉ የሚዳረስ ባለመሆኑ ብዙ ልጆች ችግራቸው የሚታወቀው ከ2 ወይም ከ3 ዓመት በኋላ ነው። ለእነዚህ ልጆች ጊዜው አልፏል ማለት አይደለም። ግን ከዚያ በኋላ የሚባክን አንድም ወር መኖር የለበትም።

ምልክት ቋንቋ አንደበትን አያስርም

ብዙ ወላጆች «ምልክት ካስተማርነው መናገሩን ይተወዋል» ብለው ይሰጋሉ። ይህ ስጋት መሠረት የለውም። ምልክት ቋንቋ የራሱ ቃላትና ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ ነው። ልጁ በምልክት «እናት»፣ «ዳቦ»፣ «ትናንት»፣ «ለምን» የሚሉ ቃላትን ካወቀ እነዚያን ቃላት በአፉ ለመናገርም ሆነ በጽሑፍ ለማወቅ ይቀለዋል። ያለ ምንም ቋንቋ በከንፈር ንባብ ብቻ እንዲያድግ ማድረግ ግን ከባድ ጭነት ነው። ለምሳሌ በመስታወት ፊት ቆማችሁ ያለ ድምፅ «በላ» እና «መላ» በሉ፤ የከንፈራችሁ እንቅስቃሴ አንድ ነው። «ከ»፣ «ገ» እና «ቀ» ደግሞ ከጉሮሮ አካባቢ ስለሚወጡ ከናካቴው አይታዩም። የምናጠብቀውና የምናላላው ቃልም በከንፈር አይለይም፤ ውኃ ውስጥ የሚዋኙት «ዋና» እና የሥራ «ዋና» በጽሑፍም በከንፈርም አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው ጆሮ ወይም የዓረፍተ ነገሩ ሐሳብ ነው።

የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በትምህርት ቤቶችና መስማት በተሳናቸው ወገኖቻችን መካከል ለአሥርተ ዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል። ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ ሲሰጥ ቆይቷል። ምልክቱን የት እንደሚማሩ የሚቸገሩ ቤተሰቦች የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበርን ወይም በአቅራቢያቸው የሚገኘውን የልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍል ሊጠይቁ ይችላሉ። ከዚህም ሌላ በየጀመዓችን ውስጥ መስማት የተሳነው ወጣት ወይም ጎልማሳ አይጠፋም። እርሱን ቤት ጋብዞ ከልጁ ጋር ማገናኘት ትልቅ ጥቅም አለው። ልጁ ቋንቋውን ከባለቤቱ ይማራል፤ ወላጆችም እንደ ልጃቸው ያለ ሰው አድጎ፣ ሠርቶ፣ ትዳር መሥርቶ ያያሉ።

ምልክቱን መማር ያለባት እናት ብቻ አይደለችም። አባት፣ አያት፣ ወንድምና እህትም መማር አለባቸው። በቀን 3 ምልክት የሚማር ቤተሰብ በዓመት ከ1,000 በላይ ቃላት ይይዛል። ልጁ ምሳ ላይ የሚወራውን ሲጠይቅ «ተወው፣ በኋላ እነግርሃለሁ» ከመባል የሚድነው ያን ጊዜ ነው።

መጽሐፍ ይዞ መቀመጥ

ለሕፃን መጽሐፍ ማንበብ በአገራችን እምብዛም አልተለመደም፤ ተረት መንገር ግን ተለምዷል። ለማይሰማ ልጅ ሁለቱን ማጣመር ይቻላል። በአሜሪካ ዋሽንግተን የሚገኘው፣ መስማት የተሳናቸውን በማስተማር የሚታወቀው ጋላውዴት ዩኒቨርሲቲ መስማት የተሳናቸው ወላጆች ለልጆቻቸው እንዴት እንደሚያነቡ አጥንቶ ለሚሰሙ ወላጆች የሚሆን የንባብ ፕሮግራም አዘጋጅቷል። ከዚህ ዓይነት ልምድ የምንወስዳቸው ዋና ዋና ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ. ልጁን ጭን ላይ ከማስቀመጥ ፊት ለፊት ወይም በማዕዘን ማስቀመጥ ይሻላል። መጽሐፉን፣ ፊታችሁንና እጃችሁን አንድ ላይ ማየት አለበት።

2ኛ. ብርሃን ፊታችሁ ላይ ይረፍ። መስኮት ከኋላችሁ ከሆነ ፊታችሁ ይጠቁርበታል። መብራት በጠፋ ጊዜም ሻማውን በእናንተ ፊት በኩል አድርጉት።

3ኛ. ጠብቁት። የሚሰማ ልጅ ሥዕሉን እያየ ቃሉን ይሰማል፤ የማይሰማው ግን ሥዕሉንና እጃችሁን በአንድ ጊዜ ማየት አይችልም። ሥዕሉን ያሳዩት፣ አይቶ ቀና እስኪል ይቆዩ፣ ከዚያ ምልክቱን ያሳዩት፣ እንደገና ወደ ሥዕሉ ይመለስ። ፊቱን በእጅ ይዞ ማዞር አይገባም፤ ትከሻውን ቀስ ብሎ መንካት ይበቃል።

4ኛ. ቃል በቃል ለማንበብ አትጨነቁ። ታሪኩን በምልክት፣ በፊት ገጽታና በእንቅስቃሴ ተርኩለት። አንበሳው ሲቆጣ ተቆጡ፣ ጥንቸሏ ስትፈራ ፍሩ።

5ኛ. ያንኑ መጽሐፍ ደጋግሙ። ልጁ ሲሰለች ይነግራችኋል፤ እስኪሰለች ድረስ በየጊዜው አዲስ ነገር ያገኝበታል።

6ኛ. ከሕይወቱ ጋር አያይዙት። መጽሐፉ ላይ በግ ካለ ለዒድ የታረደውን በግ አስታውሱት።

መጽሐፍ መግዛት የማይችል ቤተሰብ የቤተሰቡን ፎቶግራፎች ወይም ከአሮጌ ጋዜጣና ካላንደር የተቆረጡ ሥዕሎችን ደብተር ላይ ለጥፎ ከሥር በጉልህ ስማቸውን ሊጽፍ ይችላል። ልጁ የራሱ ፎቶ ያለበትን መጽሐፍ ከሁሉም አብልጦ ይወደዋል።

ፊደልን ለዓይን ማስተማር

ፊደላችንን ስናስተምር የኖርነው በዜማ ነው። «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» እያልን በኅብረት እንጮኻለን፤ ለሚሰማ ልጅ ዜማው ያስታውሰዋል። ለማይሰማ ልጅ ግን ትርጉም የሌለው የአፍ እንቅስቃሴ ነው። ስለዚህ ከሙሉ ቃል መጀመር ይበጃል። የመጀመሪያው ቃል የራሱ ስም ይሁን፤ ስሙን በካርቶን ጽፈው ከልብሱ ማስቀመጫና ከኩባያው ላይ ይለጥፉለት። ቀጥሎ «በር»፣ «ወንበር»፣ «አልጋ»፣ «ዳቦ» ይከተላሉ። ቃሉን ባሳዩት ቁጥር ዕቃውን ይጠቁሙ፣ ምልክቱን ያሳዩ፣ በጣት ፊደል ይጻፉ፣ በመጨረሻም የተጻፈውን ያሳዩ። አራቱ በተከታታይ ሲደጋገሙ ልጁ ሁሉም የአንድ ነገር ስም መሆናቸውን ይረዳል።

የጣት ፊደል ያልነው በእጅ የሚጻፈውን የኢትዮጵያ ፊደል ነው። እጅ የፊደሉን ቅርጽ ይይዛል፤ ሰባቱ ድምፆች ደግሞ በእጅ እንቅስቃሴ ይለያሉ። በዚህም ምክንያት ልጁ 33ቱን የእጅ ቅርጾችና ሰባቱን እንቅስቃሴዎች ሲያውቅ 231ዱንም ፊደላት መጻፍ ይችላል።

በጽሑፍም ቢሆን ፊደላችን ለዓይን የሚመች ሥርዓት አለው። ቡ፣ ሱ፣ ኩ ስንጽፍ ምልክቷ በወገብ ላይ በስተቀኝ ናት፤ ቢ፣ ሲ፣ ኪ ስንል ወደ እግር ትወርዳለች፤ ቤ፣ ሴ፣ ኬ ላይ ቀለበት ትሆናለች። ይህን አንድ ላይ ደርድሮ ማሳየት ልጁ በዓይኑ ሕጉን እንዲያገኝ ይረዳዋል፤ እንደ «ሩ» እና «ፉ» ያሉትን ከሕጉ የወጡ ፊደላት ለብቻ ማስተማር ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ለእኛ «ሰ» እና «ሠ»፣ «ሀ» እና «ሐ» ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ብንቀያይራቸው አይከብደንም። ቃሉን በዓይኑ ብቻ ለሚያውቅ ልጅ ግን ሌላ ቃል ይሆንበታል። ስለዚህ በቤት ውስጥ አንድ ቃል ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ፊደል ይጻፍ።

ለቁርኣን ቤት ኡስታዞች

ብዙ ልጆች ከፊደል ጋር መጀመሪያ የሚገናኙት በቁርኣን ቤት በመሆኑ ኡስታዞቻችን ድርሻቸው ትልቅ ነው። ከሃያ ልጆች መካከል አንዱ ከጓደኞቹ አፍ እያየ ዘግይቶ የሚከተል ከሆነ፣ ሐርፎቹን በመኽረጃቸው ለማውጣት ደጋግሞ ከተሳነው ወይም ሎሁ ላይ ያለውን በዓይኑ እየለየ በአፉ ማለት ካቃተው፣ ስንፍና ነው ብሎ ከመቅጣት በፊት ወላጆቹ ጆሮውን እንዲያስመረምሩ መንገር ይገባል። ችግሩ የታወቀለት ልጅ ደግሞ ከፊት፣ የኡስታዙን ፊት በሚያይበት ቦታ ይቀመጥ። ሁሉም ልጆች በየፊናቸው ጮክ ብለው በሚቀሩበት ሰዓት የመስሚያ መሣሪያ ያደረገ ልጅ ጫጫታውን እንጂ ቃሉን አይለይም፤ ለብቻው ጸጥ ባለ ጥግ 10 ደቂቃ ማስቀራት ከአንድ ሰዓት የበለጠ ይጠቅመዋል። ኒቃብ የምትለብስ ኡስታዛም ከሕፃናትና ከሴቶች ጋር ብቻ ባለችበት ክፍል ፊቷን ብትገልጥለት ልጁ ብዙ ነገር ያገኛል።

የመስሚያ መሣሪያ ያደረገ ልጅ

መሣሪያው መስማትን እንደ መነጽር ወዲያው አያስተካክልም፤ ጆሮና አእምሮ እስኪለምዱት ወራት ይፈጃል። ጥቅም የሚሰጠውም ልጁ ነቅቶ ባለበት ሰዓት ሁሉ ሲያደርገው እንጂ ለትምህርት ቤት ብቻ ሲሆን አይደለም። የሕፃን ጆሮ በፍጥነት ስለሚያድግ በጆሮው ልክ የተሠራው መሰኪያ በየጥቂት ወራቱ መቀየር አለበት፤ መሣሪያው ማፏጨት ከጀመረ አንዱ ምክንያት መሰኪያው ለጆሮው መላላቱ ነው። በውኃ አይታጠብም፤ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል። ባትሪውን ወላጅ በየቀኑ ይፈትሽ፤ ተለጣፊ ወረቀቱ አንዴ ከተላጠ ባትሪው መሥራት ስለሚጀምር አስቀድሞ መላጥ አይገባም። ከሁሉም በላይ ክብ ባትሪዎች ከሕፃናት እጅ ይራቁ። ሕፃን ክብ ባትሪ ከዋጠ በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ሊያቃጥለው ስለሚችል ሳያስመልሱት ወዲያውኑ ሆስፒታል መውሰድ ያስፈልጋል።

ከመድኃኒት ቤት ጥግ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ችግር 60 ከመቶ ያህሉ መከላከል በሚቻሉ ምክንያቶች የሚመጣ ነው። በመሆኑም፦

የልጆችን ክትባት አታስተጓጉሉ። ኩፍኝና ማጅራት ገትር ጆሮን ከሚያጠፉ በሽታዎች መካከል ናቸው። በአገራችን ከማጅራት ገትር ምክንያቶች አንዱን የሚከላከለው የአምስት ለአንድ ክትባት ከ2007፣ የኒሞኮካል ክትባት ከ2011፣ ሁለተኛው ዙር የኩፍኝ ክትባት ደግሞ ከ2019 (ሁሉም እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እየተሰጡ ነው።

መርፌን በራሳችሁ አታዝዙ። ጄንታማይሲን፣ አሚካሲንና ስትሬፕቶማይሲን ሕይወት የሚያድኑ መድኃኒቶች ናቸው፤ ሐኪም ሲያዝዛቸው እምቢ ማለት አይገባም። ያለ ትዕዛዝ፣ ያለ መጠን ሲወሰዱ ግን የውስጥ ጆሮን ሊያበላሹ ይችላሉ፤ የተበላሸውም አይመለስም። በእናት ወገን ከመርፌ በኋላ መስማት ያቆመ ዘመድ ካለ ለሐኪሙ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

መግል የሚፈስ ጆሮ ውስጥ የፈላ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የእናት ጡት ወተትም ሆነ ከጎረቤት የተገኘ ጠብታ አይጨመርም። ታምቡሩ የተቀደደ ከሆነ አንዳንድ ጠብታዎች ወደ ውስጥ አልፈው ጉዳት ያደርሳሉ። ጆሮው በንጹሕ ጨርቅ ጥምጥም እየደረቀ ሐኪም ይየው።

ነፍሰ ጡር እናት አዮዲን ያለው ጨው ትጠቀም። የአዮዲን እጥረት የጽንሱን አእምሮና መስማት ይጎዳል። ጨውን ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከፀሐይና ከእሳት አርቆ ማስቀመጥ፣ ወጥ ውስጥም መጨረሻ ላይ መጨመር አዮዲኑ እንዳይጠፋ ያደርጋል። ሕፃኑን እስከ 6 ወር ጡት ብቻ ማጥባትም ከጆሮ ኢንፌክሽን ይከላከላል።

ከዚህ በኋላ

ውድ እናቶችና አባቶች፣ ስለ ልጃችሁ ጆሮ ጥርጣሬ ካላችሁ የሚቀጥለውን ወር አትጠብቁ፤ በዚህ ሳምንት አስመርምሩት። ችግሩ የታወቀለት ልጅ ካላችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ ስሙን ጽፋችሁ ስጡት። ጎረቤት ዘንድ «ዱዳ» እየተባለ ከቤት የማይወጣ ልጅ የምታውቁ ከሆነ ይህን ጽሑፍ ለወላጆቹ አንብቡላቸው፤ ማንበብና መጻፍ የሚችል ዜጋ ሊሆን እንደሚችልም ንገሯቸው። ዱዓችን ከጥረታችን ጋር ይሁን።